በሰማንያ ወይስ በቁርባን? አቶምና የኢትዮጵያ መብራት



በበለጸገው ዓለም ስለ ኑክሌር ኃይል የሚደረገው ክርክር በአመዛኙ ‹‹እንተወው ወይስ እንቀጥልበት?›› የሚል ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ ከደረሰው አደጋ በኋላ ለመተው ወስና፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ዘጋች። ጣሊያን ከቼርኖቤል አደጋ ማግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 ሕዝቧን ጠይቃ ከአቶም ወጣች። ቤልጅየም ደግሞ እተወዋለሁ ብላ ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 ሐሳቧን ቀየረች። የእኛ ጥያቄ የተገላቢጦሽ ነው። እነርሱ ‹‹እንውጣ ወይ?›› ሲሉ እኛ ‹‹እንግባ ወይ?›› እያልን ነው። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ጥያቄው በአግባቡ ሳይነሣ መልሱ እየተሰጠ ይመስላል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጉባ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከቀጣዮቹ ግዙፍ ፕሮጀክቶች አንዱ ለሰላማዊ ዓላማ የሚውል የኑክሌር ኃይል መሆኑን ተናገሩ። ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና የሩሲያው ሮሳቶም ስለ ጣቢያው ግንባታ የሚመክር የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራረሙ። ነገሩ ድንገት የመጣም አይደለም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በሶቺ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የትብብር ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ እንደነበረች እናገኛለን።

እኔ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም፤ ታሪክ የማስተምር ሰው ነኝ። ስለዚህ ሪአክተር እንዴት እንደሚሠራ ላስተምር አልነሣም። ማንሣት የምፈልገው አንድ የታሪክ ጥያቄ ነው፦ ይህች አገር ከዚህ ቀደም የኃይል ምንጭ ስትመርጥ ምን ሆነች? ከምርጫዋስ በኋላ የመረጠችውን እንዴት ያዘችው?

ከተማይቱን ያዳነ ዛፍ

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን የኃይል ቀውስ ያየችው ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ሕዝቡ ጆሮ ሳይገባ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዙሪያዋን ጫካ አንድዳ ጨረሰች። በዘመኑ ልማድ እንጨት ሲያልቅ ከተማው ይነሣ ነበርና፣ ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። ዛሬ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ አያት እያልን የምንኖርባት ከተማ ያን ጊዜ ተትታ ልትቀር ምንም አልቀራትም ነበር። ከመፍረስ ካዳኗት ምክንያቶች ዋነኛው ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይደርሳል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ባሕር ዛፍ የዚያ ዘመን ‹‹አማራጭ ኃይል›› ነበር ብንል አንሳሳትም። የውጭ ነገር ነው ተብሎ አልተጣለም። ነገር ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጠባይ ነበረው፦ ማንም ገበሬ ሊተክለው፣ ሊቆርጠውና ሊሸጠው ይችል ነበር። ሲበላሽ ባለሙያ ከባሕር ማዶ አይጠራለትም። ዕዳም ነበረበት፤ ውሃ ይመጣል፣ መሬት ያደክማል፣ ከእንጦጦና ከየካ ተራራ ጎንበስ ብለው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ወገብም ሰብሯል። የሆነ ሆኖ ዕዳው የሚታወቅና በራሳችን አቅም የሚቻል ዕዳ ነበር።

ከእንጨት ወደ ውሃ

ኤሌክትሪክ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ጀመረ፤ ከዚያም በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠሩ ትንንሽ ማመንጫዎች መጡ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ 43 ሜጋ ዋት። ቆቃ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም። ያን ጊዜ ቦሌ ገና ማሳ ነበረች፤ የጄት አውሮፕላን ማረፊያዋ እንኳ አልተከፈተም።

ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ መብራት ታሪክ የወንዞቿ ታሪክ ሆነ። አዋሽ፣ ጢስ ዓባይ፣ ፊንጫ፣ በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተሠራው መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ፣ ተከዜ፣ በለስ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋቱ ጊቤ ሦስት፣ በመጨረሻም 5,150 ሜጋ ዋቱ ሕዳሴ። ቆቃና ሕዳሴ ሲነጻጸሩ የልጅ ልጆቹ ከአያታቸው ከመቶ ጊዜ በላይ መግዘፋቸውን እናያለን። ሕዳሴ ደግሞ በጦር ካሣ ሳይሆን ከሊስትሮ እስከ ባለሀብት ሕዝቡ በገዛው ቦንድ ጭምር የተሠራ ነው። ይህ ታሪክ የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ነገር ግን አበው ‹‹አንድ እንጨት አይነድም›› ይላሉ። ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። ዝናብ በዘገየ ቁጥር ‹‹ፈረቃ›› የሚባለው ቃል ወደ ቤታችን ይመለሳል። በ1995፣ በ2001 እና በ2011 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። የ2001ዱን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ወጣት ነበርሁ፣ የተማሪ ፈተና በሻማ አርም ነበር። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በየሱቁ ደጃፍ የተደረደረው ጄኔሬተር ጭሱ ዓይን ያቃጥል፣ ድምፁ ሰው ከሰው አያሰማማም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ የጊቤ ሦስት ውሃ ቀንሶ ፈረቃ ታወጀ፤ ለጅቡቲና ለሱዳን የሚሸጠው ኃይልም ለጊዜው ተቋረጠ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

የአቶም ወዳጆች ክርክር

ከዚህ አኳያ ኑክሌር ይግባ የሚሉ ወገኖችን ክርክር በቀላሉ ማጣጣል ተገቢ አይሆንም። አቶም ዝናብ አይጠብቅም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አይጠፋም፤ ነፋስ ሲቆም አይቆምም። በጥቂት ነዳጅ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ጭስ የለውም። ሕዝባችን ይበዛል። በቦሌ ለሚና በሌሎች ፓርኮች ያሉ ፋብሪካዎች የማይቆራረጥ ኃይል ይሻሉ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ መኪናውም ከግድግዳ ሶኬት መመገብ ጀምሯል። የግድብ ውሃ የጎረቤት ንትርክ ያለበት መሆኑም ሌላው ነጥብ ነው።

በተጨማሪም አቶም ለኢትዮጵያ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በቃሊቲ የቆላ ዝንብን ወንዶች በጨረር በማምከን ዝርያውን ለማጥፋት በዓለም አቀፉ ኤጀንሲ እገዛ ሲሠራ ቆይቷል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን በኮባልት 60 ጨረር ሲታከሙ ኖረዋል፤ ለረጅም ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል እርሱ ነበር። እንግዲህ ክርክሩ ‹‹ሳይንስን እንፍራ ወይስ አንፍራ?›› አይደለም። ሳይንስ የሚፈራ አገር የትም አይደርስም።

ሰማንያና ቁርባን

በእኔ እምነት ክርክሩ ስለ ጋብቻ ዓይነት ነው። በአገራችን በሰማንያ የተጋባ ሰው፣ ነገሩ ካልሆነለት በሽማግሌ ፊት ንብረቱን ተካፍሎ ይለያያል። በቁርባን የተጋባ ግን ሞት እስኪለየው ድረስ ነው። የነፋስና የፀሐይ ኃይል የሰማንያ ጋብቻ ናቸው። በአዳማና በአሸጎዳ የቆሙት ተርባይኖች ነገ አያስፈልጉም ቢባል ነቅለን ማሳውን ለገበሬው እንመልሳለን። ግድብ ጠንከር ያለ ውል ነው፤ ቆቃን ደለል እየሞላው እንዳየነው ጣጣ አያጣውም። አቶም ግን ቁርባን ነው። አንድ ሪአክተር 60 ዓመት ይሠራል፤ ማፍረሱ አሥርት ዓመታት ይወስዳል፤ ያገለገለው ነዳጅ ደግሞ ከሺሕ ዓመታት በላይ ጠባቂ ይፈልጋል።

ለዚህ ከጀርመን የተሻለ ምስክር የለም። ብዙዎች ‹‹ጀርመን ተፋታች›› ይላሉ። አልተፋታችም፤ መኝታ ለየች እንጂ። ጣቢያዎቹ ተዘግተዋል፤ የማፍረሱ ሥራ ግን ገና ለዓመታት ይቀጥላል። ከፍተኛ ጨረር ያለው ዝቃጭ ለዘለቄታው የሚቀበርበትንም ቦታ ያች ባለ ብዙ መሐንዲስ አገር እስከ ዛሬ አልመረጠችም። ስለዚህ ለእኛ የጀርመን ትምህርት ‹‹አቶም ክፉ ነው›› የሚል አይደለም። ሠርተው የጨረሱትን ደኅና ጣቢያ መዝጋታቸው ስሕተት ነው የሚሉ ብዙ ጀርመናውያን አሉ፤ ክርክራቸውም ሚዛን ይደፋል። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት፣ መውጫው ከመግቢያው የጠበበ መሆኑ ነው።

ሌላው ምስክር ፊሊፒንስ ናት። በፈርዲናንድ ማርቆስ ዘመን በባታን 620 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈስሶበት ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1986 ማርቆስ ወደቁ፤ ቼርኖቤልም ፈነዳ፤ ጣቢያው አንዲት አምፖል ሳያበራ ተቆለፈ። ሕዝቡ ግን ዕዳውን እ.ኤ.አ. እስከ 2007 ድረስ ከፈለ። ጎረቤታችን ግብፅ ደግሞ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት የሆኑ አራት ሪአክተሮችን በኤል ዳባ እያሠራች ነው፤ ከሩሲያ የተበደረችው 25 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሠርጉ የሚያምር ነው፤ የድግሱን ዕዳ የሚከፍሉት ግን ልጆች ናቸው።

ስሕተት የሚችል፣ ስሕተት የማይችል

ጊቤ ሁለት በጥር 2002 ዓ.ም. በተመረቀ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው 26 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው ዋሻው ውስጥ አንዱ ክፍል ተደረመሰ። አሳፋሪ ነበር። ነገር ግን ማንም ከቤቱ አልተፈናቀለም፤ ዋሻው ተጠግኖ እ.ኤ.አ. 2010 ሳያልቅ ሥራ ጀመረ። ውሃ ስሕተታችንን ይችላል። የቼርኖቤል ስሕተት ግን 30 ኪሎ ሜትር ዙሪያ መሬት እስከ ዛሬ ባዶ አስቀርቷል። ከቦሌ ተነሥተን ያን ያህል ብናሰምር መላዋ አዲስ አበባ በውስጡ ትገባለች። እርግጥ ነው፣ ማንም በቦሌ ጣቢያ ይሠራ አላለም፤ የዛሬዎቹ ሪአክተሮችም ከቼርኖቤሉ እጅግ የተሻለ መከላከያ አላቸው። ለንጽጽር ያህል ነው ያነሣሁት።

የፉኩሺማውን ጉዳይ ልብ እንበል። ሪአክተሮቹ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደርስ ወዲያው ቆመዋል። ችግሩ ከቆሙም በኋላ መቀዝቀዝ የግድ ነበረባቸው፤ ለማቀዝቀዝ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሻል። የውጭው መስመር ተቋረጠ፤ በቦሌ ሱቆች ደጃፍ የምናውቀው ዓይነት ዲዝል ጄኔሬተር ግዙፉ ወንድም በባሕር ማዕበል ሰጠመ። እንግዲህ የኑክሌር ጣቢያ ኃይል የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን ኃይል የሚጠይቅም ነው። አገሪቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያጨልም ብልሽት በየጊዜው የሚደርስበት የእኛ መስመር ይህን አደራ ሊሸከም ይችላል? ከዚህም በላይ፣ አንድ ማመንጫ ከጠቅላላው መረብ ከአሥር አንድ እጅ ባይበልጥ ይመከራል፤ ቢቆም ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ። 1,200 ሜጋ ዋት ለእኛ መረብ ዛሬ ከዚያ የሚከብድ ሸክም ነው።

መሬታችንም ዝም ያለች አይደለችም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በአራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ምሁር ፒየር ጉዋን፣ የአገራችንን የመንቀጥቀጥ ታሪክ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አውጥተዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው መንቀጥቀጥ በምሥራቅ አዲስ አበባ ፎቆች ላይ ያለነውን በሌሊት ከአልጋ አስወርዶናል። ቦታ የሚመርጥ ሰው ያንን መዝገብ ገልጦ ሳያነብ ካርታ ላይ ጣቱን ሊያኖር አይገባውም።

አሉቶና ኦልካሪያ

ከሁሉ የሚያሳዝነኝና ለጥያቄያችንም መልስ አለው የምለው አንድ ትንሽ ታሪክ አለ። መሬት የሚያናውጠው ያው የስምጥ ሸለቆ እሳት እንፋሎትም ይሰጣል። እንፋሎቱ ዝናብ አይጠብቅም፤ ሌሊትና ቀን ይሠራል። የአቶም ወዳጆች ከአቶም የሚፈልጉትን ጠባይ ሁሉ ማለት ይቻላል ይዟል።

ኬንያ በዚሁ ሸለቆ ላይ በኦልካሪያ የመጀመሪያውን 15 ሜጋ ዋት እ.ኤ.አ. በ1981 አመነጨች። እኛም በዚያው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሉቶ ላንጋኖ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ቆፈርን። ሁለታችንም በአንድ ዘመን ጀመርን። ዛሬ ኬንያ ከእንፋሎት ከ900 ሜጋ ዋት በላይ ታመነጫለች፤ ከኤሌክትሪኳ ከመቶ 40 በላይ የሚሆነውም ከዚያ ነው። እኛስ? 7.3 ሜጋ ዋት የሚሆን የሙከራ ጣቢያ በአሉቶ ያቆምነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ተበላሽቶ ቆመ፤ ከዓመታት በኋላ በከፊል ተጠገነ።

እሳቱ አንድ ነው፤ ሸለቆው አንድ ነው። የለየን ጽናት ነው። ኬንያ በየዓመቱ ቆፈረች፣ ባለሙያ አሠለጠነች፣ የተበላሸውን ጠገነች፣ ከ15 ተነሥታ ደረጃ በደረጃ ወጣች። እኛ መመረቅ እንወዳለን፤ መጠገን አንወድም። ለሪባን ቆራጭ እንጂ ለቅባት ቀቢ ክብር የለንም። ግድቡ ሞልቶ በየሰፈሩ መብራት የሚጠፋው ውሃ ስላነሰ አይደለም፤ የአንድ ትራንስፎርመር ጣጣ ነው፤ ወይም የዛገ ምሰሶ፣ ወይም የተበጠሰ ሽቦ። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ እስከ ዛሬ የመስመር ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በቅርብ ዓመታት ለቢትኮይን ኩባንያዎች ኃይል ስንሸጥ የኖርነውም የማመንጨት ሳይሆን የማድረስ ችግር ስላለብን ነው። አዲስ ማመንጫ፣ የአቶምም ይሁን የሌላ፣ ይህን አይፈታም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት ኢትዮጵያ ዛሬ የኑክሌር ጣቢያ ውል መፈረም የለባትም። ‹‹ለዘለዓለም አይሁን›› ማለቴ ግን አይደለም። ለአቶም ተገቢው ዝግጅት ባለሙያ ነው፤ ወጣቶቻችን የኑክሌር ምሕንድስናን ይማሩ፤ የጨረር ሕክምናው ወደ ክልሎች ይስፋ። በኮባልት የሚሠራ ማሽን ምንጩ በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳልና፣ እርሱን በወቅቱ መተካትና መጠገን የለመደ ተቋም ለትልቁ አደራ አንድ እርምጃ ቀረበ ማለት ነው።

እስከዚያው ግን የአሉቶ ፈተና ይቅደም። እንፋሎቱን 7 ሳይሆን 700 ሜጋ ዋት እናድርሰው፤ ለ10 ዓመት ሳይቆም እናሠራው። መስመሩ በአንድ ጊዜ መጨለሙ ይቅር። ነፋሱና ፀሐዩ ከውሃው ጋር ይጣመሩ፤ ቀን ፀሐይ ሲሠራ ግድቡ ውሃውን ያጠራቅማል፤ ማታ ይለቅቃል። ይህን ሁሉ አድርገን ኃይል ካነሰን ያኔ ስለ አቶም እንነጋገር። ስንነጋገርም ውሉ ለምክር ቤትና ለሕዝብ ይገለጥ፤ የብድሩ ወለድ፣ የነዳጁ አቅራቢ፣ የዝቃጩ መመለሻ፣ የማፍረሻው ገንዘብ በግልጽ ይጻፍ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ‹‹ቁም!›› ሲል ሚኒስትር የማይሽረው ይሁን። ኦስትሪያ የገነባችውን የዝቨንተንዶርፍ ጣቢያ ሳትከፍተው እ.ኤ.አ. በ1978 ሕዝቧን ጠይቃ፣ በጠባብ ልዩነት ‹‹አይሆንም›› ተብላ ተወችው። እኛ ከመገንባታችን በፊት ብንጠያየቅ ከእነርሱ የተሻልን ብልሆች እንሆናለን።

‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ይባላል። የቁርባን ጋብቻ ግን ሲሮጡ ቢገቡበትም ሲሮጡ አይፈታም። የልጅ ልጆቻችን የሚጠብቁትን አደራ ስንፈርም ቢያንስ ስማቸውን ጠርተን፣ ረጋ ብለን መክረን ይሁን።

ቸር ይግጠመን።